ሚዶውና ኮሚሽነሩ

ባለፈው ወር በአንድ የሥዕል አዳራሽ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ወጣት ቀራፂ የእጅ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አንድ ሥራውን አሳየን። የአድማ በታኝ ፖሊስ የራስ ቁር ነው። የተሠራው ግን ከሞቱ የእጅ ስልኮች ነበር። የተሰነጣጠቀ መስተዋት፣ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ያበጠ ባትሪና የተበጣጠሰ ሽቦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ፊት የሚሸፍነው ክፍል ደግሞ ከስልክ ካሜራ በተነቀሉ ትናንሽ ዓይኖች ተሞልቷል። ከሩቅ ሲያዩት ቁር ነው፤ ቀረብ ሲሉት ዓይን ብቻ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ደነገጥሁ። ስለ ፖሊስ ጉልበትና በስልክ ስለሚካሄድ ትግል በአንድ ዕቃ ይህን ያህል የተናገረ ሰው በቅርብ አላየሁም።

«አሁን የት ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ገጼ ላይ» አለኝ።

ሰው ሳቀ። «ማለቴ፣ ቁሩ ራሱ» አልሁ።

«እሱንማ ፈታሁት ጋሼ። የት አስቀምጠዋለሁ? ቤቴ አንዲት ክፍል ናት። ደግሞስ ፎቶው ካለ ዕቃው ምን ያደርግልኛል? አደባባዩ ዛሬ እዚህ ነው» ብሎ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። አዳራሹ በጭብጨባ አስተጋባ።

እኔ አላጨበጨብሁም። መልስም አልሰጠሁም፤ «የድሮ ሰው» መባልን ፈርቼ ዝም አልሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ስለ ድህነቱ የተናገረው ልክ ነው፤ አንዲት ክፍል ውስጥ የሚኖር ቀራፂ ሥራውን አልጋ ላይ አያስተኛም። ያስቆጣኝ ድህነቱን ወደ ፍልስፍና መለወጡ፣ እኛም ለዚያ ፍልስፍና ማጨብጨባችን ነው። ሐውልት የሚያቆምበት ቦታ የተነፈገ ሰው «ቦታ አያስፈልገኝም» ማለት ሲጀምር ደስ የሚለው ማን እንደሆነ ልናገር ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ነገሩን ከሩቅ አገር ልጀምር፤ ምክንያቱም የጦር መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስና በስልክ የሚጮህ ሕዝብ በአንድ አደባባይ ላይ ሲገናኙ ቅርፃ ቅርፅ ምን ሊሆን እንደሚችል እንደ ፊላዴልፊያ ከተማ አጥርቶ ያሳየኝ ቦታ የለም። (ከሁለት ቦታ በቀር የምጠቅሰው ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።)

በ2017 ኦክቶበር ፊላዴልፊያ ነበርሁ፤ የእህቴ ልጅ ዘንድ። ልጁ አንድ ቀን ወደ መሀል ከተማ ይዞኝ ሄደና ከማዘጋጃ ቤቱ ትይዩ በሚገኘው የቶማስ ፔይን አደባባይ አቆመኝ። እዚያ ሁለት ሐውልቶች ነበሩ። አንደኛው ከነሐስ የተሠራ፣ ደረጃ እየወረደ እጁን አንሥቶ ሰላምታ የሚሰጥ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ሁለተኛው ሚዶ ነው።

ሰውዬው ፍራንክ ሪዞ ነው። ከ1967 እስከ 1971 የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነር፣ ከ1972 እስከ 1980 ደግሞ ከንቲባ ነበር። በ1969 የተነሣ አንድ ዝነኛ ፎቶግራፍ አለው። ከእራት ግብዣ ወጥቶ ወደ ሁከት ቦታ ሲሄድ ነው፤ የክብር ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ከወገቡ መቀነት ውስጥ የፖሊስ ዱላ ሽጦ። ደጋፊዎቹ ፎቶውን የጀግንነት ምስክር አድርገው ያዩታል። የጥቁሮቹ ሰፈር ሰዎች ግን ዱላውን የሚያውቁት በሌላ በኩል ነው። በ1970 ኦገስት ፖሊሶቹ የብላክ ፓንተር አባላትን በየቢሮዋቸው ወርረው ጎዳና ላይ ልብሳቸውን አስወልቀው ግድግዳ አስደግፈው ፈትሸዋል፤ ይህም በፎቶ ተነሥቷል። በ1979 የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የከተማዋን ፖሊስ በጭካኔ ከስሶ ፍርድ ቤት አቅርቦ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ እንጂ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወዳጆቹና ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ሐውልቱን አሠሩለት፤ ቀራፂው ዜኖስ ፍሩዳኪስ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በመንግሥት ሕንፃ ደረጃ ላይ ተተከለ። ግብር ለመክፈል፣ ፈቃድ ለማውጣት የሚመጣ ሁሉ ኮሚሽነሩ እጁን እያወዛወዘ ይቀበለዋል።

ሚዶውን የሠራው ሃንክ ዊሊስ ቶማስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሥራው «ሁሉም ሥልጣን ለሁሉም ሰው» ይባላል፤ ርእሱ የብላክ ፓንተሮችን መፈክር ያስታውሳል። ቁመቱ 8 ጫማ፣ ክብደቱ 360 ኪሎ ገደማ ነው። ረዣዥም ጥርሶቹን ወደ ታች ተክሎ፣ እጀታው የተጨበጠ ቡጢ ሆኖ ቆሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ታላቅ ወንድሜ በ1960ዎቹ (ይህ እንኳ በኛ ነው) አፍሮ ያበጥር ነበር። ባለ ሽቦ ጥርስ ሚዶ ነበረው፤ ከጠጉሩ ላይ ሰክቶት መንገድ ይወጣል። አባቴ ባየው ቁጥር «ይህ ሚዶ ነው ወይስ ሹካ?» እያለ ይበሳጭ ነበር። ያኔ እኔ ጠጉሩን እንጂ ሚዶውን ልብ አላልሁትም። ፊላዴልፊያ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ሳየው ግን ወንድሜ ለምን ሰክቶት እንደሚሄድ ገባኝ። ጠጉርን ማቆሚያ ዕቃ ነዋ! ተኛ ሲሉት የማይተኛ ነገር ነው። ቶማስ ይህን የጓዳ ዕቃ ከኮሚሽነሩ አጠገብ ሲያቆም አንድም ቃል ሳይጽፍ ክርክሩን ጨርሶታል። በአንድ ወገን ዱላ ይዞ የኖረ ሰው፣ በሌላው ወገን ጠጉሩን እያቆመ የኖረ ሕዝብ። ልጆች በሚዶው ጥርሶች መካከል ገብተው ይጫወታሉ፤ ቀዝቃዛውን ብረት ይዳብሳሉ። ኮሚሽነሩን የሚዳብስ አላየሁም።

እንግዲህ አጨብጭቤ ብሄድ ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው «እስከ መቼ ይቆያል?» ብዬ የእህቴን ልጅ ስጠይቀው ነው። «ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ፤ ኖቬምበር ድረስ» አለኝ። ሚዶው የመጣው «ሞኑመንት ላብ» በተባለ፣ ከከተማዋ የግድግዳ ሥዕል ድርጅት ጋር በተዘጋጀ የአንድ መኸር ትርኢት ነው። ኮሚሽነሩስ? ለኮሚሽነሩ የተጻፈ የመጨረሻ ቀን የለም።

ይህን ልዩነት አቅልለን አንየው። በዚያው ዓመት ኦገስት አንዲት የከተማው ምክር ቤት አባል የሪዞ ሐውልት ይነሣ ብላ በትዊተር ጽፋ ነበር። ነገሩ ተራገበ፤ ደጋፊና ተቃዋሚ በስልክ ተሞላለጩ። ኖቬምበር ላይ ከንቲባው ሐውልቱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል አሉ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አደባባዩ ሲታደስ አብሮ ይታያል ተባለ፤ 2021 ይሆናልም ተባለ። ሚዶው ትርኢቱ ሲያበቃ ተነሥቶ ሄደ። በኋላ የፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ወስዶ የራሱ አደረገው፤ 28 ጫማ የሚረዝም ታላቅ ወንድምም ተሠርቶለት ከከተማ ከተማ ዞሯል። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። ነሐሱ ሰውዬ ግን በዚያው ደረጃ ላይ ሰላምታውን ሲሰጥ ቆየ። ዓለምን ያዳረሰው ተሸነፈ፤ ከቦታው ያልተነቃነቀው አሸነፈ።

አሁን ወደ ብረት ለበሱ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ የጦር ኃይሉ የተረፈውን ዕቃ ለየከተማው ፖሊስ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ በ1997 የመከላከያ በጀት ሕግ የተቋቋመ ነው፤ በተለምዶ «1033» ይሉታል። ከተጀመረ ወዲህ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ ተላልፏል። ብዙው ዕቃ ብርድ ልብስና ጄኔሬተር ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጠመንጃም አለ፤ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን የመንገድ ፈንጂ የተሠሩ 14 ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ተሽከርካሪዎችም አሉ። ፖሊሱ ለዕቃው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለማጓጓዣውና ለጥገናው ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ግዴታ ነው። ዕቃውን የወሰደ ፖሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ማዋል አለበት።

አስቡት። ሚዶው በሁለት ወር ውስጥ መነሣት አለበት፤ ብረት ለበሱ በአንድ ዓመት ውስጥ መውጣት አለበት። መንግሥት ክብደት ምን እንደሆነ ያውቃል። ፈንጂ በሌለበት ጎዳና ላይ የፈንጂ መኪና የሚቆመው ፈንጂ ለመከላከል አይደለም፤ ለመታየት ነው። መታየት ሲባል ግን በስልክ መታየት አይደለም። ቁመቱ ከሱቁ በር ሲበልጥ፣ ሞተሩ መስኮት ሲያንቀጠቅጥ፣ ሰው ዞሮ ለማለፍ ሲገደድ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ቅርፃ ቅርፅ ካልሆነ ምንድን ነው? በ2014 ፈርጉሰን ላይ ዓለም የደነገጠው ሐውልት ይኸው ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2015 ገደብ አደረጉበት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሚዶው ከመቆሙ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 28 ቀን 2017፣ ገደቡን አነሡት። በ2022 ባይደን ከፊሉን መለሱት፤ በ2025 ደግሞ ትርፍ የጦር ዕቃ ለየአካባቢው ፖሊስ በስፋት እንዲዳረስ ታዘዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የሥነ ጥበብ ሰዎች ስለ ምን ስናወራ ነበር? ስንት ሰው ፎቶውን እንዳጋራ።

የ2020 ጊዜ ደረሰ። ሜይ 25 ቀን ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። ሜይ 30 ቀን ፊላዴልፊያ ላይ ሕዝቡ በሪዞ አንገት ላይ ገመድ አስገብቶ ሳበው፤ እሳት ለኮሰበት። አልወደቀም። ሜይ 31 ቀን ፖሊስ በምዕራብ ፊላዴልፊያ 52ኛ ጎዳና ላይ፣ የጥቁሮች መኖሪያ መሀል፣ ከነብረት ለበሱ ገብቶ አስለቃሽ ጭስ ረጨ። ጁን 1 ቀን በከተማው መሀል የሚያልፈውን አውራ ጎዳና የዘጉ ሰልፈኞች በአጥርና በአፋፍ መካከል ታፍነው በጭስ ታጠኑ።

ጁን 2 ቀን እኔ ምን አደረግሁ? ጥቁር ካሬ ለጠፍሁ።

አዎ፣ እኔም። ያን ዕለት ከ28 ሚሊዮን በላይ ሰው ኢንስታግራም ላይ ባዶ ጥቁር ካሬ አድርጎ ነበር፤ ለሐዘንና ለአጋርነት ምልክት ተብሎ። እኔም እዚህ አዲስ አበባ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ጥቁር ካሬ ለጠፍሁና በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ሰልፈኞቹ የት ጭስ እንዳለ፣ የት ሐኪም እንደሚገኝ፣ ማን እንደታሰረ ይለዋወጡበት የነበረው መጠሪያ በእኛ ካሬዎች ጥቁር ብሎ ነበር። አጋርነታችን መንገድ ዘጋባቸው። ብረት ለበሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ።

ጁን 3 ቀን ገና ሳይነጋ ክሬን መጣና ኮሚሽነሩን አነሣው፤ መጋዘን ገባ። ጠዋት የእህቴ ልጅ ባዶውን ደረጃ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ሄደልህ» ይላል።

ማን ወሰደው? የ2017ቱ ትዊት? ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላነቃነቀውም። ሚዶው? ያማ ሄዷል። ጥቁር ካሬው? እባካችሁ። የወሰደው ሜይ 30 ቀን ገመድ የጎተተው ሰው ነው፤ ባይወድቅለትም። ሰው በአካል መጥቶ፣ ነሐሱን በእጁ ነክቶ፣ ክብደቱን በትከሻው ለክቶ፣ ነገም እንደሚመለስ ስላሳወቀ ነው ማዘጋጃ ቤቱ በሌሊት ክሬን የጠራው።

ይህን ስል ስልክን የምንቅ የሚመስለው አንባቢ ካለ ይሳሳታል። ፍሎይድ በሞተ ዕለት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ያወጣው መግለጫ ሰውዬው በሕክምና ችግር ሞተ የሚል ነበር። ያን መግለጫ ውሸት ያደረገችው ዳርኔላ ፍሬዚየር የተባለች የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ስልኳን ይዛ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ቆማ የቀረፀች። ፊላዴልፊያም ላይ የከተማው ሹማምንት በአውራ ጎዳናው ላይ ጭስ መረጨቱ ተገቢ ነበር ብለው ነበር። ጋዜጠኞች ከሰልፈኞች ስልክ የተሰበሰበውን ፊልም ደቂቃ በደቂቃ ገጣጥመው ሲያወጡት ከንቲባውና የፖሊስ ኮሚሽነሯ ጁን 25 ቀን ይቅርታ ጠየቁ። በ2023 ከተማው ለ343 ሰዎች 9.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስልክ እንዲህ ነው፤ ምስክር ነው። ምስክር ያየውን ይናገርና ይወርዳል። ሐውልት ግን ምስክር ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ ምስክሩ ከወረደ በኋላ በቦታው የሚቆይ ባለ ጉዳይ ነው።

የኔ ጠብ የባለ ጉዳዩን ልብስ አውልቆ የምስክር ልብስ ከሚለብሰው ቅርፃ ቅርፅ ጋር ነው። ምሳሌ ስጥ ካላችሁኝ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል እንሂድ። ጁን 7 ቀን 2020 ሰልፈኞች የባሪያ ነጋዴውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት አውርደው፣ አንከባልለው ወደብ ውስጥ ጣሉት። ጄን ሪድ የተባለች ጥቁር ሴት ባዶው መቆሚያ ላይ ወጥታ ቡጢዋን አነሣች፤ ፎቶዋ ኢንስታግራም ላይ ወጣ። ማርክ ክዊን የተባለው ታዋቂ እንግሊዛዊ ቀራፂ ፎቶውን አየ። ሴትዮዋን ጠራት፤ በዙሪያዋ በተደረደሩ ካሜራዎች አስነሥቶ ምስሏን በማሽን አሳተመ፤ ጁላይ 15 ቀን ንጋት ላይ ከረዳቶቹ ጋር በድብቅ መጥቶ መቆሚያው ላይ አቆማት። ጁላይ 16 ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ አነሣት። በመካከሉ ያለው አንድ ቀን ነው። በዚያ አንድ ቀን የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ፎቶ አነሣ። ከስልክ የመጣው ወደ ስልክ ተመለሰ።

ጥቁሩ ቀራፂ ቶማስ ጄ. ፕራይስ ያኔውኑ ተቆጥቶ ጽፎበታል፤ ስለ ነጩ ቀራፂ ዕድል መሻማት። እኔ ከዚያ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ክዊን የጄን ሪድን ድፍረት ሲቀርፅ ያየው ቡጢዋን ነው፤ እግሯን አላየውም። እሷ እዚያ ላይ የወጣችው በእግሯ ነው፤ ከወደቀው ነሐስ በኋላ፣ በሺህ ሰው መካከል። በብሪስቶል የዚያን ዓመት ምርጥ ቅርፃ ቅርፅ የቱ ነው ብትሉኝ የኮልስተን ሐውልት ራሱ ነው እላችኋለሁ። ከወደብ ወጥቶ፣ ቀለም እንደ ተረጨበት፣ በ2021 ሙዚየም ውስጥ በጀርባው ተጋድሞ ለሕዝብ ታየ። ማንም ቀራፂ አልፈረመበትም። ሕዝቡ ነው የቀረፀው፤ በመጎተት።

ሃንክ ዊሊስ ቶማስም ቢሆን የስልክን ፍርድ ቀምሷል። በ2023 ጃንዋሪ ቦስተን ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግንና የባለቤቱን እቅፍ የሚያሳይ 20 ጫማ ነሐስ ባቆመ ጊዜ፣ ከአንድ ማዕዘን ብቻ የተነሣ ፎቶ በስልክ ተዛምቶ ዓለም ሳቀበት፤ ነውር ነገር ይመስላል ተብሎ። አብዛኛው ሳቂ ቦስተንን ረግጧት አያውቅም። ያ ሥራ ሰው ከሥሩ ገብቶ፣ ክንዶቹ ከራሱ በላይ ሲዘጉ እንዲሰማው የተሠራ ነው። ፎቶ ከሥር መግባት አይችልም። እና ነገ ወጣቱ ወዳጄ ሥራውን የሚሠራው ያ የስልክ ማዕዘን እንዳያስቀው እየፈራ ከሆነ፣ ቅርፃ ቅርፅ የቀረው አንድ ጎን ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ ጎን ያለው ነገር ደግሞ ሥዕል ይባላል።

ታዲያ የሚበጀው የቱ ነው? ለኔ የሚኒያፖሊሱ ቡጢ ነው። ፍሎይድ በሞተበት በ38ኛውና በቺካጎ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ፣ መንገዱ መሀል፣ ሰፈርተኛው በ2020 ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ቡጢ አቆመ። በ2021 ጃንዋሪ በብረት ተተካ። ንድፉ የጆርዳን ፓወል ካሪስ ነው፤ እንደ ቶማስ ስመ ጥር ሰው አይደለም። ሥራው ቆንጆ ነው ወይ? እኔ እንጃ፤ ቡጢ ቡጢ ነው፤ በዚህ ረገድ ሚዶው በብዙ ይበልጠዋል። ነገር ግን ልብ በሉ። በ2021 ጁን የከተማው ሠራተኞች መጥተው መንገዱን የዘጋውን የኮንክሪት ግርዶሽ ሲያነሡ ቡጢው ከቦታው አልተነሣም። መንገዱ ተከፈተ፤ መኪና ግን ዞሮት ማለፍ ነበረበት። የፖሊስም መኪና ቢሆን። ለብረት ለበስ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ እሱ ሰውን እንዳስዞረ፣ እሱን የሚያስዞር ነገር።

እኛስ? ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሌኒን ከመቆሚያው ሲወርድ ያየን ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ሐውልት የሚተክል መንግሥት ፎቶ አይተክልም፤ ነሐስ ነው የሚተክል፤ ምክንያቱም ዞረህ እንድታልፍ ይፈልጋል። ቀራፂዎቻችን ግን ዛሬ ተማሪ ሳሉ ጀምሮ የሚመከሩት ሥራቸው በስልክ ላይ እንዴት እንደሚያምር ነው። ቀለሙ ይድመቅ፣ ከበስተኋላው ግድግዳ ነጭ ይሁን፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይነሣ ይባላሉ። ቦታ ጠይቁ፣ ከቀበሌም ከማዘጋጃ ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም ከትምህርት ቤትም አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት ለምኑ፣ እምቢ ሲሏችሁ እምቢታውን አስጽፋችሁ ያዙ የሚላቸው የለም። አደባባዩ ስልክ ውስጥ ነው የተባለ ዕለት እውነተኛውን አደባባይ ማንም አይጠይቅም። የተጠየቀ ሰው እንኳ «ገጽህ ላይ አድርገው» ብሎ ይመልሳል፤ ያውም በፈገግታ።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ በስልክ ያለው ቢያንስ አይፈርስም» ይሉኛል። አይፈርስም? ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ባለቤት ባሕር ማዶ ተቀምጦ አንድ ቁልፍ ቢጫን ያንተ አደባባይ የት ይገባል? ደግሞም አንድ ሥራ እንዲፈርስ ቢያንስ መቆም አለበት። ሊያፈርሰው የሚመጣው ሰው በእግሩ መምጣት አለበት፤ መዶሻ ማንሣት አለበት፤ ፊቱም ይታያል። ሳይቆም የተፈታ ቁር ግን ማንንም አላስቸገረም።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ቁሩ ከስንት ስልክ እንደ ተሠራ ለማረጋገጥ ለወጣቱ ደወልሁለት። መጣላት እንዳልፈለግሁም ልነግረው ፈልጌ ነበር። ደስ ብሎት አነጋገረኝ። ስልኮቹን አልቆጠራቸውም፤ በጆንያ ነበር የሰበሰበው። እንደ ገና ገጣጥሞ ሊያቆመው ፈቃደኛ ከሆነ ቦታ አብረን እንፈልግ፣ እኔም የማውቃቸውን ሰዎች አስቸግራለሁ አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና ሳቀ። ጆንያው እናቱ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ነበር። እናቱ ለበዓል ቤት ስታጸዳ ለቆራሌው ሸጠችው።

«ግን ፎቶው አለ» አለኝ።

ስንት ኪሎ እንደ መዘነ ጠየቅሁት። አላወቀም።